ጎሽ የገደለው የጥጥ ደጋን

ባለፈው የበልግ ማብቂያ ላይ ከሶዶ ተነስቼ ወደ ጉኑኖ ሄድኩ። የወንድሜ ልጅ ማሳዬን እይልኝ ብሎ ጠርቶኝ ነው። ባጃጇ ጭቃው አላስኬዳት ብሎ ከመንገድ አወረደችኝና የቀረውን በእግሬ ሄድኩት። ማሳው ጋ ስደርስ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀ። የዱር አሳማ የገለበጠው አፈር የራሱ ሽታ አለው። እርጥብ አፈር ነው፤ የስኳር ድንች ሐረግ ሲበጠስ የሚያወጣው ነጭ ወተት አለበት፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የአሳማው የራሱ ነገር አለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሳይጠረግ የሰነበተ በረት የሚመስል። ይህን ሽታ ካሸተትኩ ዕድሜ ልኬን ቆይቻለሁ፤ ግን ሰው የእናቱን ድምፅ እንደማይረሳው እሱንም አልረሳሁትም።

የወንድሜ ልጅ ያልሞከረው የለም። ባዶ ቆርቆሮ በገመድ አንጠልጥሏል። የካሴት ክር ዳር እስከ ዳር ዘርግቷል። የአባቱን ኮት እንጨት ላይ አልብሶ ሰው አስመስሎ አቁሟል፤ አሳማው ከሥሩ ቆፍሮ ከነኮቱ ጥሎታል። ወረዳ ሄዶ ሲያመለክትም የዱር እንስሳ በፈቃድ ነው እንጂ ዝም ተብሎ አይገደልም ብለውታል። እኔ ሕግ አልቃወምም። ግን ድሮ እናንተ እንዴት ታደርጉ ነበር፣ አጎቴ፣ ብሎ ሲጠይቀኝ እዚያው ድንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ግማሹን እንደሰማ ስልኩ ጮኸና ተነስቶ ሄደ። ሙሉውን እዚህ አስቀምጥለታለሁ። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ቢያወራው ውሸት ነው፤ ዛፉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ ገና አልወጣም ነበር። አባቴ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወደ ሩቅ እርሻ ሄዷል። ቤት ያለነው እናቴ፣ እኔና ገና ጡት ያልተወ ታናሽ ወንድሜ ነን። በልግ ነው። የኛን አገር የሚያውቅ ሰው በልግ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጎተራው ባዶ ነው፤ በቆሎው ገና ከጉልበት አላለፈም፤ እንሰት ያለው ይፍቃል፣ የሌለው ያያል። የኛን እንሰት ባለፈው ዓመት በሽታ መትቶት ነበር። የቀረን ከወንዙ በላይ ያለው የስኳር ድንች ማሳ ብቻ ነው። እናቴ በቆሎው እስኪደርስ የሚያሻግረን እሱ ነው ትል ስለነበር እኔ ማሳውን እንደ ድልድይ ነበር የማስበው።

አንድ ቀን አክስቴ ከአረካ መጣች። የእናቴ ታላቅ ናት፤ ሻይና ዳቦ የምትሸጥበት ቤት አላት፤ ሰፊ ሴት ነበረች፣ ስትስቅ መቀመጫው ይስቃል። ልጅ አልነበራትም። ጉንጬን ይዛ ስትጎትት ቆየችና እናቴን ይህን አንዱን ለኔ ስጪኝ አለቻት፤ ከአንቺ አንድ አፍ ይቀልልሻል፣ ለኔም ውሃ የሚቀዳ ይሆነኛል አለች። እናቴም ማሳው በቆሎው እስኪደርስ ከዘለቀ ልጁ ከኔ ጋር ይቆያል፣ ካልዘለቀ መጥተሽ ውሰጂው አለች። በዚህ ተስማሙ። አክስቴ ክፉ አልነበረችም። ግን የአረካ ሰው መሆኗን ለማሳየት አማርኛ ጣል ጣል ማድረግ ትወድ ነበር። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና እኔን እያየች፣

«አይዞህ፣ እኔ አሳምሬ ነው የማሳድግህ» አለች።

እኔ አማርኛ ከጥቂት ቃል በቀር ስለማላውቅ ከዚህ ውስጥ የሰማሁት «አሳማ»ን ብቻ ነው። አረካ ሲወስዱኝ አሳማ እንደሚያደርጉኝ ገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይነገርም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ለኔ የጠራ ነበር። ድንቹ ካለ ከእናቴ ጋር ነኝ፤ ድንቹ ካለቀ አረካ ነኝ።

አሳማዎቹ የመጡት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጠዋት ስንወርድ የማሳው የታችኛው ጫፍ ተገልብጧል። በሬ ያረሰው ይመስል ነበር፣ ግን በሬ መስመር ያውቃል። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሳማው ነክሶ የጣለውን መልቀም ጀመረች። ቤት ገብታ ቀቀለችው። የአሳማ ጥርስ ያለበትን አልበላም አልኳት።

«ጥርሱን ቆርጬ ጥዬዋለሁ፣ ብላ» አለች።

በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ከቤታችን አጥር ማዶ የአባቴ አጎት አዋ ኦርካይዶ ይኖሩ ነበር። አዋ በኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ይጠራበታል። በጎረምሳነታቸው ወደ ኦሞ ቆላ ወርደው በደጋንና በፍላጻ ጎሽ የገደሉ ሰው ናቸው። የጎሹ ቀንድ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጥቁር፣ እጄን እስከ ክርን የሚውጥ። አንድ ቀንድ ብቻ ነው። ጎሽ ሁለት ቀንድ እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ሁለተኛው ጎረቤታችን ጮራሞ ቤት ነበር፤ ነገሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

በአደን ሕግ አውሬው የመጀመሪያው ፍላጻ ባለቤት ነው። ጎሽ ከሆነ ቀንዱ የሱ ነው፣ ቅቤ በራሱ ላይ ይደረግለታል፣ ይዘፈንለታል። በዚያ ጎሽ ላይ የጮራሞ አባትና አዋ ኦርካይዶ አብረው ነበሩ። የጮራሞ አባት ቀድሞ ወረወረ፣ ፍላጻው ቆዳውን ነክቶ ነጥሮ ወደቀ። አዋ ኦርካይዶ ቀጥለው ወረወሩ፣ ፍላጻቸው ጎኑ ውስጥ ገባ። ታዲያ የመጀመሪያው የቱ ነው? የነካው ነው ወይስ ያደማው? ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልቋጭ አለ። በመጨረሻ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀንድ ሰጥተው አሰናበቷቸው። የጮራሞ አባት ሞተ፤ ክርክሩ ግን ለልጁ ቀረ። ጮራሞና አዋ ኦርካይዶ ጥሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፣ ቤት ሲሠራ ይረዳዳሉ። ግን አንዱ «የነካ ነው» ሳይል፣ ሌላው «ያደማ ነው» ብሎ ሳይመልስ የተለያዩበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር።

ይህ የጎሽ ነው። አሳማ ሲሆን ሕጉ ያው ሆኖ ሸክም ይሆናል። የኛ ሰው አሳማ አይበላም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍላጻ ባለቤት ሬሳውን እሱ ራሱ ጎትቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራል፤ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። ቤቱም ሳይታጠብ አይገባም። በጎሽ ጊዜ ሁሉም የኔ ነው ይላል፤ በአሳማ ጊዜ ሁሉም ያንተ ነው ይላል።

አዋ ኦርካይዶ ወንጌልን ሲቀበሉ አደኑንም ፉከራውንም ትተው ነበር። ፍላጻዎቹ ጣሪያው ክዳን ውስጥ ተሰክተው ጭስ ጠጥተዋል። ደጋኑን ግን ሚስታቸው አዬ ባሎቴ ወሰዱት። አዬ እናት ማለት ነው። ጥጥ ይነድፉበታል። የጅማቱን ክር በጣታቸው ሲመቱት ድም፣ ድም እያለ ጥጡ ይፈታና እንደ ደመና ይነሳል፤ ከዚያ ባዘቶውን ጠቅልለው ይፈትላሉ። እኔ ደጋን የሚባል ነገር ያየሁት በዚህ ሥራ ላይ ብቻ ነው። አዋ ኦርካይዶ በዚህ ደጋን ጎሽ ገደሉ ሲባል ስሰማ ጎሹ ፊት ተቀምጠው ድም፣ ድም እያደረጉለት የሞተ ነበር የሚመስለኝ። ድምፅ ሊገድል እንደሚችል ተጠራጥሬ አላውቅም። የእናቴን ቁጣ የሰማ ሰው አይጠራጠርም።

አሳማዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ በመጡ ማግስት እናቴ አጥሩን ተሻግራ ሄደች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። አዋ ኦርካይዶ አደን ትቻለሁ አሏት።

«አደን አላልኩዎትም» አለች እናቴ። «አሳማ ነው ያልኩዎት።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። ከዚያ ተነስተው የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው እህል የሚያጠፋ አውሬ መግደል ኃጢአት አይደለም፣ ገዳይ ነኝ ብሎ መፎከር ግን ኃጢአት ነው አሏቸው። አዋ ኦርካይዶም እንዳይፎክሩ ቃል ሰጥተው ተመለሱ። የእግዚአብሔርን ፈቃድ አገኙ። የቀረው የአዬ ባሎቴ ፈቃድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጠንካራው ነው።

አዬ ባሎቴ ጋቢ ጀምረዋል፤ የተዳመጠ ጥጥ በትልቅ ቅርጫት ሞልቶ ይጠብቃል። ደጋኑን ስጪኝ ሲሏቸው ቀና እንኳን አላሉም።

«ይህ ሳያልቅ ደጋን የለም።»

«ሴትዮ፣ አሳማው ጥጥሽን አይጠብቅም።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ንደፍ፣ ቶሎ ያልቅልሃል።»

በኛ አገር ወንድ ጥጥ አይነድፍም፤ ይሸምናል እንጂ። አዋ ኦርካይዶ ግን ግትር ናቸው፤ እሺ ካሉም በግትርነት ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ውስጥ፣ ሰው በማያይበት ተደብቀው መንደፍ ጀመሩ። እኔ ቅርጫቱን እያቀበልኩ አብሬ ተቀመጥኩ። ጥጡ ጢማቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ነው ጮራሞ ድምፁን ሰምቶ በእንሰቱ መሐል ብቅ ያለው። ቆሞ አያቸው፤ አፉን በእጁ ያዘ።

«ጎሽ ገዳዩ፣ ዛሬስ ማንን ጣሉ?» አለ። «ይህንንስ አደሙት ወይስ ነኩት?»

አዋ ኦርካይዶ ክሩን ይበልጥ አጥብቀው መቱት። ጮራሞ ሄዶ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች አዋ ኦርካይዶን ባዩ ቁጥር ጢማቸውን ይጠርጉ ነበር።

ማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከሶዶ ሰባኪ መጣ። የሚሰብከው በአማርኛ ነው፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ወደ ቤታችን ቋንቋ ይመልሰዋል። የዚያን ቀን ያነበበው ጌታ ከአንድ ሰው ያወጣቸው አጋንንት ወደ እሪያ መንጋ ሲገቡ፣ መንጋውም ከአፋፉ ተንደርድሮ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ያለውን ነው። አስተርጓሚው እሪያ ማለት ይኸው የኛ ጠላት አሳማ ነው ብሎ ሲመልስ ቤቱ ሙሉ አጉረመረመ። ሁሉም ማሳው ትዝ አለው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የያዝኩት። ጉኑኖ ገበያ ላይ ሱቅ የነበረው አንድ ጉራጌ ነጋዴ ሌባ ሲያይ «እሪ! እሪ በሉ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ሌባውም ይህን ሲሰማ ሁሌ ቁልቁል ወደ ወንዙ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ እሪያ ማለት እሪ ሲባል ወደ ውሃ የሚሮጥ ነው። በልቤ አገናኘሁት፣ ገጠመልኝ። ሰባኪው ይህን ያህል ርቀት የመጣው ይህን ሊነግረን ነው፤ ሌላው ሰው ለምን እንዳልገባው ገረመኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። አሳማው ከውሃ ውጭ ከሞተ ውስጡ ያለው ጋኔን ወጥቶ ቅርብ ያለውን ሰው ይይዛል። የግድ ውሃ ውስጥ መሞት አለበት።

ጥጡ ባለቀ ማግስት ጠዋት ለአደኑ ወጣን። አሳማ ቀን ቀን የሚተኛው ከማሳችን በታች ባለው ጢሻ ውስጥ ነው። ጎረምሶቹ ከውሾቹ ጋር ከታች ገብተው ሊያስነሷቸው፣ ደጋንና ጦር የያዙት ደግሞ ከላይ የጢሻው አፍ ላይ ሊጠብቁ ተባለ። ቦታውን የደለደለው ጮራሞ ነበር። አዋ ኦርካይዶን ታች ወንዙ መሻገሪያ ላይ አቆማቸው። እዚያ ምንም አያልፍም፣ ሁሉም ያውቃል። ዕድሜዎም ገፍቷል፣ ደጋኑም ጥጥ ለምዷል፣ ጥላ ሥር ይቀመጡ አላቸው። ሽማግሌው ተቆጥተው ምራቃቸውን ተፉ። ግን ወረዱ። እኔን ማሳችን ጥግ ያለች ዋንዛ ላይ ሰቀሉኝና ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ። እናቴ ወንድሜን አዝላ ከኋላ አጥሩ ጋ ቆማለች።

ከታች ውሾቹ ጮሁ። ጢሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አንድ ቦታ ሳይሆን በመስመር፣ ከሥሩ የሆነ ነገር እየዋኘ እንደሚመጣ። ከዚያ ወጡ። ቀላ ያሉ፣ ጀርባቸው ላይ ነጭ ጸጉር የቆመ፣ ግልገሎቹ በመሐል። ፊት የሚመራው ትልቅ ወንድ ነበር፤ ክራንቻው በአፉ ጎን ወጥቷል። ዛፍ ላይ ሆኜ ሽታው ደረሰኝ። ጮራሞ ጠበቀ፣ ጠበቀና ለቀቀ። ፍላጻው የአሳማውን ጀርባ አገኘ፤ ግን ጸጉሩ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ እንጂ ቆዳውን አልበሳም። አሳማው መነካቱን እንኳን አላወቀም። ጮራሞን ገፍትሮ፣ ጮራሞም በጀርባው ወድቆ፣ መንጋው በሙሉ አቅጣጫውን ወደ ማሳችን አደረገ።

ወደ ማሳችን። የቀረው ያ ነው። ከላይ ሆኜ የሐረጉን አረንጓዴ አየሁት፣ ከዚያ አሳማዎቹን፣ ከዚያ አረካን። ትንፍሽ አትበል መባሌን አልረሳሁም፤ ግን ያሉኝ ሰዎች እሪያ ምን እንደሆነ አያውቁም። አፌን ከፈትኩ።

«እሪ! እሪያ! እሪ! እሪያ!»

እናቴ ከዛፍ የወደቅኩ መስሏት እሷም እሪ አለች። ወንድሜ ጀርባዋ ላይ ጮኸ። ከማዶ አዬ ባሎቴ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጩኸቱን ተቀበሉ። ትልቁ አሳማ ቆመ፣ ጆሮውን ነቀነቀ፣ ከዚያ ታጠፈ። መንጋው ተከተለው። ልክ ሰባኪው እንዳለው፣ ከአፋፉ ተንደርድረው ቁልቁል ወደ ውሃው። እኔ አልገረመኝም። ልንገራችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ያልገረመው እኔን ብቻ ነው።

መሻገሪያው ላይ አዋ ኦርካይዶ ነበሩ። ዛፉ ላይ ሆኜ ጀርባቸው ይታየኛል። አንድ ጉልበታቸውን መሬት አደረጉ፣ ደጋኑን ሳቡት፣ ሲለቁት የሰማሁት ያንኑ ድምፅ ነው፤ ድም። ትልቁ አሳማ ጥቂት ሮጠና ውሃው ውስጥ በደረቱ ተደፋ። ሌሎቹ ተሻግረው ጠፉ። ሽማግሌው ተነስተው ደጋኑን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ገዳይ! ገዳይ! እኔ የ...»

እዚህ ላይ ቃላቸው ትዝ አላቸው። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ወዲያና ወዲህ አዩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከላይ እየወረዱ ነው።

«...ሃሌሉያ» ብለው ጨረሱት።

ሰዎቹ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ጮራሞ ጭቃውን ከቂጡ እያራገፈ መጣ፤ መጀመሪያ በኔ ላይ ነበር ሊጮህ ያሰበው፤ አሳማውን ሲያይ ግን ፊቱ ተፈታ። ያ ሬሳ ትልቅ ነው፣ ይሸታል፣ አቀበቱም ረጅም ነው። እርስዎ ነዎት ያደሙት፣ ስለዚህ የእርስዎ ነው፣ ይጎትቱ አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አዋ ኦርካይዶ አልሳቁም። ወደ ውሃው ገብተው የአሳማውን ጀርባ በእጃቸው ዳበሱና የጮራሞን ፍላጻ ከጸጉሩ ውስጥ አወጡ። ደም የለበትም። ለሁሉም አሳዩ።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ጮራሞ። «ግን አላደማም።»

«ነክቷል። አባትህም ነክቷል። የነካ ነው ባለቤቱ የምትል ከሆነ አሳማው ያንተ ነው፣ ጎትት። ያደማ ነው የምትል ከሆነ እኔ እጎትታለሁ። ግን እዚህ ሰው ፊት ጎሹ የኔ ነው ትላለህ፣ ቀንዱንም ታመጣለህ።»

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ እኔ ከዛፍ ወርጄ እናቴ አጠገብ ደርሻለሁ። ጮራሞ አሳማውን አየ። አቀበቱን አየ። አንድ ቃል፣ «ያደማ ነው» ቢል፣ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ያዩታል፣ ጎረምሶቹ ያዩታል፤ አባቱ ግን የለም፣ አይሰማም። ከዚያ መቀነቱን ፈታና ወደ ውሃው ገባ፤ የአሳማውን የኋላ እግሮች አንድ ላይ አሰረ።

«የነካ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የነካው አባቴ ነው።»

መጎተት ጀመረ። አሳማው ድንጋዩ ላይ ይንገጫገጫል፣ ጮራሞን ያንሸራትተዋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ሕጉ ነውና ማንም እጁን አላስገባም። አዋ ኦርካይዶ ደጋናቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩት።

«ያ ወንድሜ ልጅ ወልዷል» አሉ፤ የጮራሞን አባት ማለታቸው ነው።

ከዚያ ደጋኑን ለእናቴ ሰጡና ገብተው አንዱን የፊት እግር ያዙ። ጮራሞ ሕጉ አይፈቅድም አላቸው። እኔም አድምቻለሁ፣ ግማሹ የኔ ነው፣ ዝም ብለህ ሳብ አሉት። ሁለቱ እየተጨቃጨቁ አቀበቱን ወጡ። ማን ነው የሚያንሸራትተው፣ ማን ነው የማይስበው እያሉ። የማሳችን ራስ ላይ ቀበሩት፣ ሌሎቹ ሽታውን አሽተው እንዲርቁ። እንዳልኩት ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት ወንዝ ወርደው ታጠቡ፤ እዚያም ሲከራከሩ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

እናቴ ለምን እንደጮህኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ እሪ ሲባል የሚሮጥ እሪያ ይባላል አልኳት። አዬ ባሎቴ ሰምተው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ለሰፈር ነገሩ። የበልጉ ዝናብ እስኪያበቃ ድረስ የሚያገኘኝ ሁሉ «እሪያ እንዴት አደርክ» ይለኝ ነበር። ምን እንደሚያስቃቸው አልገባኝም። ሠርቷል አይደለም እንዴ? አዋ ኦርካይዶን ብቻ ለብቻቸው ይዤ ጋኔኑ ውሃው ውስጥ ሰጥሞ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በጣም አሰቡበት።

«ሰጥሟል» አሉ። «ጮራሞ ውስጥ ካልገባ።»

ከዚያ በኋላ ጮራሞን ለተወሰነ ጊዜ ከሩቅ ነበር ሰላም የምለው።

አሳማዎቹ በዚያ በልግ አልተመለሱም። ሐረጉ አፈሩን ሸፈነው፤ እናቴ በየጠዋቱ ወርዳ የሚበቃንን ያህል ብቻ እየቆፈረች ትመጣለች። በቆሎው ማፍራት ሲጀምር አክስቴ ከአረካ መጣች። ባዶ ጆንያ ይዛለች፣ በሌላ እጇ ደግሞ ለኔ የተገዛ ቁምጣ። አዲስ፣ ኪስ ያለው። ቁምጣውን ሳይ ልቤ ሁለት ሆነ፤ ኪስ ኖሮኝ አያውቅም።

እናቴ ብዙ አላወራችም። ወደ ማሳው ወሰደቻትና መቆፈር ጀመረች። ድንቹ ሲወጣ፣ እየወጣ ሲከመር፣ አክስቴ መጀመሪያ ቆማ ታይ ነበር፣ ከዚያ ተቀመጠች። እንግዲህ ዘልቆልሻል አለች። ዘልቆልኛል አለች እናቴ፤ ባዶ እጅሽን አትሄጂም ብላ ጆንያውን ተቀበለቻትና መሙላት ጀመረች። ትልልቁን ነው የምትመርጠው። ለኛ ትንንሹን ትተዋለች። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ፤ ጆንያው ከሞላ ለኔ ቦታ አይኖርም። እኔም መቆፈር ጀመርኩ። የማገኘውን ትልቅ እያመጣሁ እጨምራለሁ፤ አፉ ላይ ሲደርስ በጉልበቴ እረግጠዋለሁ።

«በቃ ልጄ፣ ወገቤ አይችልም» አለች አክስቴ።

ሌላ አመጣሁ። ከዚያ ሌላ። አክስቴ ቁምጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና የዓይኗን ዳር በነጠላዋ ጠረገች።

«እዪልኝ እስቲ» አለቻት እናቴን፤ «ይህ ልጅ እንዴት እንደሚወደኝ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። እኔም አንድ ጨመርኩላት።